በስውር ያገባ ንጉሥ፣ አልጋ ያጡ ልጆች

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የንጉሥ ሠርግ አገር የሚሰማው ጉዳይ ነበር። መልእክተኞች ወራት ቀድመው ይመላለሳሉ፣ ጥሎሹ በውል ይሰፍራል፣ ሙሽሮቹ ዘመዳሞች ከሆኑ ከሮማው ጳጳስ ፈቃድ ይለመናል፣ ተክሊሉ በጳጳሳትና በመኳንንት ፊት ይደርሳል። ዛሬ ስለዚህ ሁሉ ድግስ ስናነብ የሀብት ታይታ ብቻ ይመስለናል። ታይታውስ አልጠፋበትም፤ ዋና አገልግሎቱ ግን ከዚያ ያልፋል። ዓመታት አልፈው አባትየው ሲሞት፣ ልጁም ጢም ሳያበቅል አልጋው ላይ ሲቀመጥ፣ «የእናትህ ጋብቻ ጋብቻ አልነበረም» የሚል ጉልበተኛ አጎት ቢነሣ አፉን የሚያስይዘው ያ አገር ያየው ሠርግ ነው። ሠርጉ የልጁ ማስረጃ ነበር። ይህ ማስረጃ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለማየት ከእንግሊዙ ንጉሥ ከኤድዋርድ 4ኛ ቤት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድዋርድ የላንካስተርን ቤት በጦር ሜዳ አሸንፎ በ1461 ዙፋኑን ሲይዝ 19 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ከፍ ያለውን ድርሻ የተሸከመለት የአጎቱ ልጅ፣ የዋሪኩ ኧርል ሪቻርድ ኔቪል፣ ለወጣቱ ንጉሥ ከፈረንሳይ በኩል ሚስት ለማምጣት ደፋ ቀና ይል ጀመር፤ የታሰበችውም የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 11ኛ ሚስት እህት፣ የሳቮይዋ ቦና ነበረች። በሴፕቴምበር 1464 ሬዲንግ ላይ በተሰበሰበው ምክር ቤት መኳንንቱ ነገሩ ይቋጭ ቢሉ፣ ንጉሡ ቀድሞ ማግባቱን ነገራቸው። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ውድቪል ትባላለች። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናት፤ የመጀመሪያ ባሏ በ1461 ሴንት ኦልባንስ ላይ ለላንካስተር ወገን ሲዋጋ ሞቶባታል። ጋብቻው በሜይ 1 ቀን በወላጆቿ መንደር በግራፍተን እንደ ተፈጸመ ይነገራል፤ በቦታው የነበሩት እናቷ ዣኬታና ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። አዋጅ አልተነገረም፣ ግብር አልተበላም። የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚተርኩት የዋሪክን ቁጣ ነው፤ እርግጥም ያ ቁጣ ከሌላ ቅሬታ ጋር ተደምሮ አመፅ ወልዷል፣ ኤድዋርድንም በ1470 ለጥቂት ወራት አሰድዶታል። ኤድዋርድ ግን በ1471 ተመልሶ አሸነፈ፣ ዋሪክም በውጊያው ሞተ። ዋሪክን ያህል ጠላት ያላፈረሰውን ቤት በኋላ ያፈረሰው ያ ዝም ተብሎ የተፈጸመ ጋብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የዘመኑን የጋብቻ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ጋብቻን የሚያጸናው የሁለቱ ሰዎች ፈቃድ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት፣ በተለይም በጳጳሱ በአሌክሳንደር 3ኛ ብይኖች፣ ወንድና ሴት «ሚስቴ ነሽ»፣ «ባሌ ነህ» ከተባባሉ ያለ ቄስ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ አባት ፈቃድ ባልና ሚስት እንደሚሆኑ ጸና። «አገባሻለሁ» ብሎ ለወደፊት ቃል የሰጠም ሰው ከሴቲቱ ጋር ከተኛ ቃሉ ጋብቻ ሆኖ ይቆጠርበታል። በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ጋብቻ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን እንዲታወጅ አዘዘ፣ በስውር መጋባትንም ከለከለ። ከለከለ እንጂ አላፈረሰም፤ በስውር የተጋቡ ይቀጣሉ፣ ጋብቻቸው ግን ጋብቻ ነው። ይህ እስከ ትሬንት ጉባኤ፣ እስከ 1563 ድረስ ዘለቀ። ሕጉ በጎ ጎን አለው፤ ማንም ያለ ፈቃዱ ተጎትቶ እንዳይዳር መከላከያ ነው። ለማስረጃ ግን አይመችም። በእኛ አገር በሰማኒያ የሚጋባ ሰው እንኳ ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይቆጥራል፤ ነገ ጠብ ቢመጣ ተናጋሪ እንዲኖር ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አንድ መስፍን በር ዘግቶ የተናገረው አንድ ቃል ሴቲቱን ሚስቱ ሊያደርጋት ይችል ነበር፤ ቃሉን የሰማ ሦስተኛ ሰው ግን ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር በስውር ያገባ ንጉሥ ለጠላቶቹ ሁለት በር ይከፍታል። ያገባትን አላገባትም ሊሉት ይችላሉ፤ ይባስ ብሎም፣ አንድ ጊዜ በስውር ያገባ ሰው ከዚያ በፊት ሌላም አግብቶ ነበር ቢባል የሚደነቅ አይኖርም።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በ1483 ነው። ኤድዋርድ በኤፕሪል 9 ቀን ሞተ። አልጋ ወራሹ ኤድዋርድ 12 ዓመቱ ነበር፤ ታናሹ ሪቻርድ ደግሞ ዘጠኝ። የሟቹ ወንድም፣ የግሎስተሩ መስፍን ሪቻርድ፣ ሕፃኑን ንጉሥ ከእናቱ ዘመዶች እጅ ነጥቆ በሞግዚትነት ያዘው፤ እናትየውም የቀሩትን ልጆቿን ሰብስባ ዌስትሚንስተር ገዳም ገብታ ተማጸነች። በጁን 13 የሟቹ ንጉሥ ታማኝ ሎርድ ሄስቲንግስ ያለ ፍርድ አንገቱ ተቀላ። በጁን 22 ራልፍ ሾው የሚባል ሰባኪ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አደባባይ ቆሞ የኤድዋርድ ልጆች ዲቃሎች መሆናቸውን ተናገረ። በጁን 26 ግሎስተር ሪቻርድ 3ኛ ተብሎ አልጋውን ያዘ። ታናሹም ከእናቱ እጅ ከወጣ በኋላ በለንደን ግንብ አብረው የነበሩት ሁለቱ ልጆች ያን ዓመት ከሰው ዓይን ጠፉ። ምክንያቱ በሕግ ቋንቋ የተጻፈው በጃንዋሪ 1484 በተሰበሰበው ፓርላማ ሲሆን፣ አዋጁ «ቲቱሉስ ሬጊዩስ» በሚል ስም ይታወቃል። አዋጁ የኤልሳቤጥን ጋብቻ በሦስት ነገር ይከሳል፤ መኳንንቱ ሳያውቁ፣ ሳይታወጅ በስውር ተፈጸመ፤ ኤልሳቤጥና እናቷ በመተት አደረጉት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንጉሡ አስቀድሞ ከኤሊኖር በትለር ጋር የጋብቻ ቃል ገብቶ ነበር። ኤሊኖር የታዋቂው የጦር አለቃ የጆን ታልቦት ልጅ ናት፣ እሷም ባሏ የሞተባት፤ በ1468 ከሞተች ወዲህ 15 ዓመት አልፏል። የመሐለኛው ወንድም የክላረንስ ልጆችም አባታቸው በክህደት ስለተፈረደበት ከውርስ ወጡ፤ ሪቻርድ ብቻውን ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ክሱ እውነት ቢሆንስ? ፈረንሳዊው የዜና መዋዕል ጸሐፊ ፊሊፕ ደ ኮሚን ነገሩን ለሪቻርድ የነገረው የባዝ ጳጳስ መሆኑንና ጳጳሱም እኔው ራሴ አጋባኋቸው ማለቱን ጽፏል። ኤድዋርድ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በስውር ማግባቱ የታወቀ ነው፤ ሌላዋንም በዚያው መንገድ አግብቶ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይደለም። አንዳንዶችም፣ ልጆቹ የተወለዱት በ1470 እና በ1473፣ ኤሊኖር ከሞተች በኋላ ስለሆነ ክሱ ዋጋ የለውም ይላሉ። ይህ ግን ሕጉን ያቃልላል፤ ሚስት በሕይወት እያለች የተፈጸመ ጋብቻ ባዶ ነው፣ የመጀመሪያዋ ስትሞት ራሱን አያጸናም። በሕጉ ፊት ክሱ ሊያስኬድ የሚችል ነበር ማለት ነው። የሚጎድለው ፍርድ ቤቱ ነው። የጋብቻ ክርክር የሚሰማው በቤተ ክርስቲያን ችሎት ነበር፤ ይህ ክስ ግን ባልየውም የመጀመሪያዋ ሴትም ከሞቱ በኋላ፣ በሰባኪ አፍ ተነግሮ በፓርላማ ተወሰነ። ምስክር ቀርቦ የተጠየቀበት፣ ኤልሳቤጥም መልስ የሰጠችበት ችሎት አልነበረም። ስለዚህ እውነት ነው ሐሰት ነው ብሎ ዛሬ መማማል ከንቱ ነው፤ የኤድዋርድ ጥፋት ጥያቄው ሊመለስ በሚችልበት ጊዜ እንዲጠየቅ አለማድረጉ ነው። በ19 ዓመት የትዳር ዘመኑ ከሮማ አንድ ማጽኛ ደብዳቤ ማስመጣት አያቅተውም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ የጉልበት ጉዳይ ነው፣ የጋብቻው ነገር ሰበብ ነው ይላል። ሕፃን ንጉሥና ጦር ያለው አጎት ከተገናኙ ውጤቱ የታወቀ ነው የሚል ሐሳብ ነው። የእንግሊዝ ታሪክ ግን ይህን አያሳይም። ሄንሪ 6ኛ በ1422 ሲነግሥ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበር፤ አባቱ ሄንሪ 5ኛ የፈረንሳይዋን ካትሪንን ያገባው በ1420 በትሯ ከተማ፣ የሁለት መንግሥታት የሰላም ውል አካል አድርጎ ነው። ኃይለኛ አጎቶች ነበሩት፤ በሞግዚትነት ተጣሉ፣ ዘውዱን ግን አልነኩም። የሪቻርድ 2ኛ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በ1377 በ10 ዓመቱ ነገሠ፤ አጎቱ የጎንቱ ጆን በአገሩ ከሁሉ የበለጠ ባለጠጋ ነበር። የእናቱ የኬንቷ ጆአን የጋብቻ ታሪክ ከኤድዋርድ 4ኛ የባሰ የተወሳሰበ ነበር። ልጅ ሳለች ቶማስ ሆላንድን በስውር አግብታ፣ እሱ በጦርነት ርቆ ሳለ ቤተሰቧ ለዊሊያም ሞንታጉ ዳራት። ሆላንድ ተመልሶ ክርክሩን ወደ ጳጳሱ ችሎት ወሰደው፤ ቀሌምንጦስ 6ኛ በ1349 የሆላንድ ጋብቻ የጸና፣ የሞንታጉ ደግሞ ባዶ መሆኑን ፈረዱ። ሆላንድ ከሞተ በኋላ በ1361 አልጋ ወራሹን ልዑል ኤድዋርድን በጳጳስ ፈቃድ አገባች፤ ሪቻርድም ከዚህ ተወለደ። ለሐሜት የሚሆን ከዚህ የተመቸ ቤት የት ይገኛል? ሐሜቱም አልቀረም። ሆኖም በ1399 ሪቻርድን ከዙፋን ያወረዱት ሰዎች በዝርዝር ያቀረቡት ክስ በአገዛዙ ላይ ነው፤ የእናቱን ትዳር የመሠረት ድንጋይ አላደረጉትም። ባለጉዳዮቹ ሁሉ በሕይወት ሳሉ፣ ሥልጣን ባለው ችሎት የተፈረደ ነገር ስለነበር ነው። የግሎስተሩ ሪቻርድ ለመንገሥ ጦር ያስፈልገው ነበር፤ ጦሩ ብቻውን ግን በሌሎች ሕፃናት ዘመን ለነበሩ አጎቶች አልበቃም።

በዚሁ ዘመን ከፒሬኒ ተራሮች ማዶ የሆነው ደግሞ ለእኔ ክርክር ከሁሉም የሚከብድ ፈተና ነው። የካስቲል ንጉሥ ኤንሪኬ 4ኛ የመጀመሪያ ጋብቻው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1453፣ ግንኙነት አልተፈጸመበትም ተብሎ ፈረሰ፤ ጥፋቱም በመተት ተሳበበ። በ1455 የፖርቱጋሏን ሁዋናን አገባ፤ ይህ በአደባባይ የተደረገ የመንግሥታት ጋብቻ ነው። በ1462 እናቷ ስሟን የሰጠቻት ልጅ ሁዋና ተወለደች፣ የአገሩ ጉባኤ ኮርቴስም አልጋ ወራሽነቷን ማለላት። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ግን አልበቃም። ያኮረፉ መኳንንት የልጅቱ አባት የንጉሡ ባለሟል ቤልትራን ደ ላ ኩዌቫ ነው አሉ፤ «ላ ቤልትራኔሃ» የሚለው ስድብ እስከ ዛሬ ከስሟ ጋር ይጠራል። በ1468 ኤንሪኬ በጦር ተጨንቆ ቶሮስ ደ ጊሳንዶ ላይ እህቱን ኢዛቤላን ወራሽ አደረገ፤ ሰነዱም ከሁዋና እናት ጋር በሕግ አልተጋባም ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ልጄ ናት ብሎ ማለ። ሠርጉን ሺህ ሰው ቢያየውም ዋናው ምስክር ሙሽራው ነው፤ እሱ ራሱ ቃሉን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲያደርግ የሌላው ምስክርነት ይረክሳል። ስለዚህ የአደባባይ ሠርግ አስፈላጊ ነው እንጂ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ክርክሬን በዚህ መጠን ማጥበብ አለብኝ። አስገራሚው ግን ተከራካሪዋ ኢዛቤላ ናት። በ1469 ቫያዶሊድ ላይ የአራጎኑን ፈርዲናንድን ስታገባ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ስለነበሩ የጳጳስ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ በሠርጉ ላይ የተነበበው ፈቃድ ሐሰተኛ ነው፣ እውነተኛው ከሲክስቱስ 4ኛ የመጣው በ1471 መጨረሻ ነው። በጥብቅ ሕግ ከታየ የወንድሟን ልጅ በጋብቻ ጉድለት የከሰሰችው ሴት ራሷ ሁለት ዓመት ያለ ጋብቻ ኖራለች። ልዩነቱ ኢዛቤላ ጉድለቷን ገና ሳትነግሥ ማረሟ ነው። ኤንሪኬ በዲሴምበር 1474 ሲሞት በሴጎቪያ ነገሠች፤ ሁዋና የፖርቱጋሉን ንጉሥ አጎቷን ይዛ ብትዋጋም በ1479 ውል ተሸነፈች፣ ገዳም ገባች፣ እስከ ሞተችበት እስከ 1530 ድረስም ፊርማዋ ላይ ራሷን ንግሥት እያለች ትጽፍ ነበር።

ወደ እንግሊዝ ስንመለስ በኦገስት 22 ቀን 1485 ቦስዎርዝ ላይ ሪቻርድን የገደለው ሠራዊት መሪ ሄንሪ ቱዶር የዘር ሐረጉ ሲታይ ከኤድዋርድ ልጆች የነጻ አይደለም። በአባቱ በኩል አያቱ ኦወን ቱዶር ያቺኑ የሄንሪ 5ኛን መበለት ካትሪንን በስውር ያገባ ዌልሳዊ ነው፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ የንጉሥ መበለት ማግባት ደግሞ በአዋጅ የተከለከለ ነበር። በእናቱ በማርጋሬት ቦፎርት በኩል ከጎንቱ ጆን ይወለዳል፣ ግን ጆን ሌላ ሚስት ሳለችው ከካትሪን ስዊንፎርድ ከወለዳቸው። ወላጆቹ በ1396 ተጋቡ፣ ልጆቹም በ1397 በፓርላማ ሕጋዊ ተደረጉ፤ በ1407 ሄንሪ 4ኛ ያንን ሲያጸና «ከንግሥና በስተቀር» የምትል ሐረግ አስገባበት። ሪቻርድ በዲቃላነት ከነቀላቸው ልጆች ይልቅ ተተኪው ነው በዲቃላ ዘር የተከበበው! ሄንሪ ግን ሕጉን ያውቅ ነበር። በኖቬምበር 1485 የተሰበሰበው ፓርላማው የእንግሊዝ ዘውድ በሄንሪና በልጆቹ ይጽና አለ፤ ለምን እንደሆነ አንድ ምክንያት አልጻፈም። ቀጥሎ የኤድዋርድን ትልቋን ልጅ የዮርኳን ኤልሳቤጥን ለማግባት ዘመድነታቸውን የሚያልፍ ፈቃድ ከጳጳሱ ወኪል ተቀብሎ በጃንዋሪ 18 ቀን 1486 አገባት። በማርች ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ ጋብቻውን በራሳቸው ማኅተም አጸኑ፤ በንጉሡ ላይ የሚያምፅ እንዲወገዝ የሚያስጠነቅቀው ቃላቸውም በእንግሊዝኛ ታትሞ ተበተነ። ጉልበት ከበቃ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን? ለሚለው መልሱ እዚህ ላይ ነው። የቦስዎርዝ ድል የአንድ ቀን ነገር ነው፤ በየአውራጃው ለንጉሡ የሚምለው ዳኛ፣ ግብር የሚሰበስበው ሹም፣ በሚቀጥለው አመፅ ከማን ጎን ልሰለፍ የሚለው ባላባት መሐላውን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል።

ኤልሳቤጥን ሚስት ለማድረግ ግን ዲቃላ ያላትን አዋጅ ማጥፋት ነበረበት። ቲቱሉስ ሬጊዩስ ሳይነበብ ተሻረ፤ ቅጂ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ፣ እንቢ ያለም እንዲታሰርና እንዲቀጣ ታዘዘ። (ጽሑፉ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የታሪክ ጸሐፊዎች እጅ ገብቷል።) ሽረቱ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። እህት ሕጋዊ ልጅ ከሆነች ወንድሞቿም ሕጋዊ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ በሕይወት ካለ የእንግሊዝ ንጉሥ እሱ እንጂ ሄንሪ አይደለም። አስከሬን ያየ የለም። የኤድዋርድ ቤት የሆነው የዮርክ ወገን እጩ እያቀረበ ሄንሪን ያስጨነቀው በዚህ ክፍተት ጭምር ነው። በ1487 ላምበርት ሲምነል የክላረንስ ልጅ ነኝ ብሎ ደብሊን ላይ ዘውድ ጫነ፣ በዚያው ዓመት ስቶክ ላይ ተሸነፈ። ከእሱ በኋላ የተነሣው ፐርኪን ዋርቤክ ከጠፉት ልጆች ታናሹ ሪቻርድ ነኝ ብሎ ዓመታት ሙሉ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ በ1499 ተሰቀለ፤ እውነተኛው የክላረንስ ልጅም በዚያው ወር አንገቱን ተቀላ። ሪቻርድ 3ኛ የወንድሙን ልጆች በወረቀት ዲቃላ ባያደርጋቸውና ሄንሪ ወረቀቱን ባይቀድድ ኖሮ ዋርቤክ የሚቆምበት መሬት አይኖረውም ነበር።

ሄንሪ ለበኩር ልጁ ለአርተር ሠርግ ሲያዘጋጅ ምንም እንዳይጎድል ፈለገ። ሙሽራዋ የዚያችው የኢዛቤላ ልጅ፣ የአራጎኗ ካትሪን ናት፤ በኖቬምበር 14 ቀን 1501 ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ ሕዝቡ እንዲያያቸው ከፍ ያለ መድረክ ተሠርቶ ተጋቡ። አርተር በኤፕሪል 1502 ሞተ፤ ካትሪንም በጳጳስ ፈቃድ በ1509 ወንድሙን ሄንሪ 8ኛን አገባች። በኋላ ሄንሪ ጋብቻው ይፍረስልኝ ሲል፣ በ1529 ብላክፍራየርስ በተሰየመው የጳጳሱ ወኪሎች ችሎት ያ ሕዝብ ያየው ሠርግ ማንም አልተጠራጠረውም፤ ክርክሩ በሩ ከተዘጋ በኋላ በሆነው ላይ ነበር፤ ዕድሜ የገፉ መኳንንትም አርተር በማግስቱ ጠዋት ምን እንዳለ ሲመሰክሩ ዋሉ። የእንግሊዙ ሊቀ ጳጳስ በ1533 ጋብቻው ባዶ ነው አለ፣ ሮማ በ1534 የጸና ነው አለች። የካትሪን ልጅ ማሪ በአዋጅ ዲቃላ ተባለች፤ በ1536 ደግሞ የሄንሪ ሁለተኛ ሚስት የአን ቦሊን ልጅ ኤልሳቤጥ። በ1544 ፓርላማ ሁለቱንም ወደ አልጋ ወራሽነት ተራ መለሳቸው፣ ዲቃላነታቸውን ግን አላነሣም። ኤልሳቤጥ በ1558 ከነገሠች በኋላ የወላጆቿን ጋብቻ የሚያጸና አዋጅ አላስወጣችም። ፓርላማው ንግሥትነቷን ብቻ አወቀ፤ እሷም 44 ዓመት ገዛች።